ሥራ ፍለጋ፦ አዲስ ተመራቂዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ለዓመታት በሰው ሀብት ክፍል ሠርቻለሁ። ማመልከቻ ተቀብያለሁ፣ ፈትኛለሁ፣ ኢንተርቪው አድርጌያለሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ እኔም ክላሰር ታቅፌ ደጅ ጠንቻለሁ። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከዘመድና ከጎረቤት ልጆች የሚመጡልኝ ናቸው። በብዛት የማወራው ስለ አዲስ አበባ ነው። አብዛኛው ግን ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ላለ ሰውም ይሠራል።

ዘመድ የሌለው ሰው ሥራ ያገኛል ወይ?

ያገኛል። ግን ጥያቄው ከሜዳ የመጣ ስላልሆነ ረጋ ብዬ ልመልሰው።

በዝምድና የሚቀጠር ሰው አለ። ድሮ የሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት በፈተና አንደኛ የወጣችውን ልጅ ትቶ ሌላ ሰው ሲቀጥር እዚያው ነበርኩ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በደል ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ሆኖም ብዙ ጊዜ "ዘመድ" የምንለው ሰው ዘመድ አይደለም። አሠሪው የሚፈራው የማያውቀውን ሰው ነው። ይህ ልጅ ሰዓት ያከብራል? ገንዘብ ቢሰጡት ይታመናል? የተማረውን እውነት ያውቀዋል? ወረቀቱ ይህን አይነግረውም። ስለዚህ "የማውቃት ጎበዝ ልጅ አለች" የሚል ሠራተኛ ሲመጣ እፎይ ይላል። ያ ሠራተኛ የልጅቷ አጎት ላይሆን ይችላል። አብሯት ፕሮጀክት የሠራ የክፍል ጓደኛዋ ሊሆን ይችላል፤ ኢንተርንሺፕ የወጣችበት ቦታ ያለ ሱፐርቫይዘርም ሊሆን ይችላል።

የእናንተ ሥራ እንግዳነታችሁን መቀነስ ነው። ለአስተማሪዎቻችሁ፣ ቀድመዋችሁ ለተመረቁ ልጆች፣ ለሰፈር ሰው ምን ዓይነት ሥራ እንደምትፈልጉና ምን መሥራት እንደምትችሉ ለይታችሁ ንገሩ። "ሥራ ካለ አደራ" ቢባል ማንም አያስታውስም። "ሒሳብ ነው የተማርኩት፣ ፒችትሪ እችላለሁ፣ ሱቅም ቢሆን እሠራለሁ" ያለ ሰው ግን ይታወሳል።

ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ተመራማሪዎች አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን ይዘው አንድ ጥናት ሠርተው ነበር። ለአንዱ ቡድን መሃል ከተማ እየመጣ ሥራ እንዲፈልግ የትራንስፖርት ብር ሰጡት። ሌላውን ቡድን ሲቪና ማመልከቻ አጻጻፍ፣ የኢንተርቪው አቀራረብ አሠለጠኑት። ፈትነውም ችሎታውን የሚያሳይ ሰርተፍኬት ሰጡት። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ቡድኖች የተሻለ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ጨመረ። ከ4 ዓመት በኋላ ሲታይ ግን ገቢው ከፍ ብሎ የተገኘው የሠለጠነውና የተፈተነው ቡድን ነው። ለእነዚህ ልጆች ማንም ዘመድ አልሰጣቸውም። የሚችሉትን ነገር ለማያውቃቸው ሰው ማሳየት ቻሉ፣ በቃ።

ማስታወቂያ የት ነው የማገኘው?

አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ ማንበብ የብዙዎቻችን ትዝታ ነው። ዛሬ አብዛኛው ነገር ስልክ ላይ ገብቷል። ኢትዮጆብስ፣ ሃሁ ጆብስና አፍሪወርክ ድረ ገጽም ቴሌግራምም አላቸው። ሪፖርተር የረቡዕና የእሑድ እትሙ ላይ፣ አዲስ ዘመንም እንዲሁ፣ አሁንም ማስታወቂያ ይወጣል። ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች በራሳቸው ገጽ ይለጥፋሉ። ወረዳችሁ ሄዳችሁም በሥራ ፈላጊነት ተመዝገቡ፤ ግማሽ ቀን ቢፈጅባችሁ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሃያ የቴሌግራም ቻናል ተቀላቅሎ ቀኑን ሙሉ ማንሸራተት ሥራ የፈለጉ ያስመስላል እንጂ ሥራ መፈለግ አይደለም። ሦስት አራት ቻናል ይበቃል። ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል አንብቡ። የቀረውን ጊዜ ለሁለት ሦስት ቦታ በደንብ አድርጎ ለማመልከት አውሉት። ማስታወቂያ ያላወጡ ቦታዎችም አሉ፦ ትንንሽ አስመጪዎች፣ ክሊኒኮች፣ የሒሳብ ባለሙያ ቢሮዎች፣ የግል ትምህርት ቤቶች። ሰው ሲጎድላቸው መጀመሪያ የሚያስታውሱት ባለፈው ወር በሩን አንኳኩቶ በሥርዓት ያነጋገራቸውን ልጅ ነው።

ሁሉም "2 ዓመት ልምድ" ይላል። ካልቀጠሩኝ ልምዱን ከየት አመጣዋለሁ?

ከሁሉም በላይ የሚያስለቅሰው ጥያቄ ይሄ ነው።

መጀመሪያ "0 ዓመት" ወይም "አዲስ ተመራቂ" የሚሉትን ለይታችሁ ያዙ። ባንኮች በየጊዜው ትሬይኒ ይቀጥራሉ። "1 ዓመት" የሚሉትንም አትለፏቸው። ቀሪውን መስፈርት ካሟላችሁና ሥራውን የነካካችሁት ከሆነ አመልክቱ። የግል ድርጅት ብዙ ጊዜ ይለሳለሳል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን የተጻፈውን መስፈርት ይዞ ነው የሚያጣራው፤ እዚያ ላይ ጊዜ አታባክኑ።

ሁለተኛ፣ ልምድ ማለት የቅጥር ደብዳቤ ብቻ አይደለም። አንዲት የማውቃት ልጅ አካውንቲንግ ተመርቃ ዘጠኝ ወር ቤት ተቀመጠች። እናቷ ጓደኛ ነበሯቸው፣ መርካቶ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጡ። ሒሳቡ ሁሉ በደብተር ነበር። ልጅቷ ሄዳ "እትዬ፣ የዕለት ሽያጩን ኤክሴል ላይ ልመዝግብልዎት" አለቻቸው። በሳምንት ሦስት ቀን ለትራንስፖርት እየተሰጣት ሠራች። በሦስተኛው ወር ከመዝገቡና ከቆጠራው መካከል ልዩነት አገኘች፦ ዕቃ በዱቤ እየወጣ ሳይመዘገብ ይቀር ነበር። ኢንተርቪው ስትገባ የተናገረችው ይህንኑ ነው። ጠያቂዎቹ እስክሪብቶ አስቀምጠው ነው ያዳመጧት።

ሁሉም ሙያ እንዲህ ዓይነት በር አለው። ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ ለሰፈር ፋርማሲ የዕቃ መቆጣጠሪያ ይሥራ። ማርኬቲንግ የተማረች የአንዲት ልብስ ነጋዴን የቲክቶክና የቴሌግራም ገጽ ለሦስት ወር ትያዝ። ግን ጊዜው የተወሰነ ይሁን። በነፃ ለዓመት የሚያሠራችሁ ሰው ልምድ እየሰጣችሁ አይደለም። ስትጨርሱ ምን እንደሠራችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቁ፣ ማህተም ያለው ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ሲቪዬ ስንት ገጽ ይሁን? ምን ይጻፍበት?

ለአዲስ ተመራቂ አንድ ገጽ፣ ቢበዛ ሁለት። ቁመት፣ ሃይማኖት፣ የወላጅ ስምና የመዋዕለ ሕፃናት ታሪክ አያስፈልግም። ጾታና ዕድሜ ማስታወቂያው ከጠየቀ ብቻ ይግባ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ያነበብኳቸው ሲቪዎች በብዛት "ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል፣ ጫናን የምቋቋም" ይላሉ። ሁሉም እንዲህ ካለ ማንም ምንም አላለም። ይህን አውጥታችሁ የሠራችሁትን ነገር አስገቡበት። "ጥሩ የኮምፒውተር ችሎታ" ከማለት "የ8 ወር ሽያጭ በኤክሴል መዝግቤ በየወሩ ከዕቃ ቆጠራ ጋር አመሳክሬያለሁ" ማለት ይሻላል። የመመረቂያ ጽሑፋችሁንም ርዕሱን ብቻ አትጻፉ። መረጃውን ከየት ሰበሰባችሁ? ስንት ሰው አነጋገራችሁ? ምን አገኛችሁ?

ሰዎች የማያስተውሏቸው ግን ዋጋ የሚያስከፍሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ።

ዓመተ ምሕረት። በእንግሊዝኛ ሲቪ ላይ የተመረቃችሁበትን 2016 ብላችሁ ከጻፋችሁ አንባቢው በፈረንጅ አቆጣጠር ያነበዋል። "ይሄ ልጅ ያን ሁሉ ዓመት ምን ሲሠራ ነበር?" ይላል። ወደ 2024 ለውጡት፣ ወይም የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ግለጹ።

የስም አጻጻፍ። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ስማችሁ ቴምፖው (ጊዜያዊ ዲግሪው) ላይ፣ ፋይዳው (ብሔራዊ መታወቂያው) ላይና ሲቪው ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። አንድ ፊደል ተለያይቶ ቅጥር የዘገየበትን ሰው አውቃለሁ።

ስልክ። እዚህ አገር አሠሪ ይደውላል። ኢሜይል ልኮ የሚጠብቅ ጥቂት ነው። ሁለት ቁጥር ጻፉ፣ አንዱ ምንጊዜም የሚሠራ ይሁን። በ011 የሚጀምር ጥሪ ካመለጣችሁ መልሳችሁ ደውሉ። ኢሜይላችሁ ደግሞ በስማችሁ ይሁን፤ በትምህርት ቤት ቅጽል ስም የተከፈተውን ለጓደኛ ተዉት።

ፋይሉን በፒዲኤፍ ላኩ፣ ስማችሁንና የሥራ መደቡን ሰይሙበት። "ሲቪ የመጨረሻው" የሚል ፋይል በቀን ስንት ጊዜ እንደሚደርሰን!

ማመልከቻ ደብዳቤ ግዴታ ነው?

ሲጠየቅ ግዴታ ነው። ሳይጠየቅም አንድ አጭር አንቀጽ አይጎዳም። ከኢንተርኔት የተገለበጠ ከሆነ ግን ባይኖር ይሻላል። የሌላ ድርጅት ስም ያለበት ደብዳቤ ስንቴ ደርሶኛል!

ምን ምን ሰነድ ላዘጋጅ?

ቴምፖ፣ ስቱደንት ኮፒ (የውጤት ዝርዝር)፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ የቴክኒክና ሙያ ከሆነ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ)፣ መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥር። ቲን ሥራ ከተገኘ በኋላ ይደርሳል ብላችሁ አታዘግዩት፣ አሁን አውጡት። ሁሉንም ስካን አድርጋችሁ ስልካችሁ ላይና ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጡ።

"ዋናው ዲግሪ የለኝም" ብላችሁ አትጨነቁ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ኮስት ሼሪንጉን (የትምህርት ወጪ መጋራቱን) ከፍሎ እስኪጨርስ ዋናው እንደማይሰጠው አሠሪዎች ያውቃሉ። ቴምፖ ለቅጥር ያገለግላል። ከተቀጠራችሁ በኋላ አሠሪው በየወሩ ከደመወዝ እየቆረጠ ይከፍላል።

ዋናውን ሰነድ አሳዩ፣ ኮፒውን ስጡ። "ዋናው እዚህ ይቀመጥ" የሚል ቦታ ካጋጠማችሁ አትስማሙ።

የጽሑፍ ፈተናውን እንዴት ልዘጋጅ?

ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች በብዛት እንግሊዝኛ፣ ቀላል ሒሳብና የማመዛዘን ጥያቄ ይፈትናሉ። ሰዓቱ ጠባብ ነው፤ ሰው የሚወድቀው ባለማወቅ ሳይሆን ባለመጨረስ ነው። የፐርሰንት፣ የሬሾና የቁጥር ቅደም ተከተል ጥያቄዎችን ሰዓት ይዛችሁ ተለማመዱ። ሳምንት ሙሉ በቀን አንድ ሰዓት ብትሠሩ ለውጡ ይታያችኋል።

ኢንተርቪው ላይ "ስለራስህ ንገረን" ሲሉኝ ምን ልበል?

አብዛኛው ሰው "የተወለድኩት እንትን ከተማ ነው፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቴን..." ብሎ ይጀምራል። ወንበሩ ማዶ ያለው ሰው ሦስተኛ ክፍል ላይ ሳትደርሱ ሐሳቡ ይበተናል። ከቅርቡ ጀምሩ። አሁን ምን ትችላላችሁ? የት ሠራችሁት? ይህ ቦታ ለምን ሳባችሁ? በሁለት ደቂቃ ጨርሱ።

እዚህ ላይ የአስተዳደጋችን ነገር አለ። ራስን ማመስገን ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ስለዚህ ጎበዝ የሆኑት ልጆች "ሠራን"፣ "በቡድን ነው"፣ "ያን ያህል አይደለም" ይላሉ። ጠያቂው ደግሞ የእናንተ ድርሻ የቱ እንደሆነ አይገባውም። እውነቱን መናገር ጉራ አይደለም። "ቡድናችን አምስት ነበር፣ መጠይቁን ያዘጋጀሁትና መረጃውን ያስገባሁት እኔ ነኝ" በሉ። ጨዋነታችሁም አይጎድል፣ እውነቱም አይደበቅ።

የማታውቁትን ሲጠይቋችሁ "አላውቀውም፣ ግን ቢገጥመኝ እንዲህ አደርጋለሁ" ማለት ያስከብራል። በእንግሊዝኛ ጀምራችሁ ቃል ከጠፋችሁ "በአማርኛ ልቀጥል?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ይፈቅዳሉ፤ ዝም ከማለት እጅግ ይሻላል። "ጥያቄ አለህ?" ሲሉ "የለኝም" አትበሉ። "በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከእኔ የምትጠብቁት ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ።

ቀጠሮው በእንግሊዝኛ መልእክት ከመጣ ሰዓቱን አረጋግጡ። በእንግሊዝኛ "3" ካለ በእኛ 9 ሰዓት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ደርሶ ስድስት ሰዓት ሙሉ በር ላይ የተቀመጠ ልጅ አጋጥሞኛል። የከፋው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በእንግሊዝኛ "9" ተብሎ በእኛ 9 ሰዓት የመጣው ልጅ ኢንተርቪው ጠዋት አልቆ ነበር። ልብስ ንጹሕና የተተኮሰ ይሁን፣ ሱፍ መግዛት የለባችሁም።

ስንት ደመወዝ ልጠይቅ?

ሳትዘጋጁ አትግቡ። ተመሳሳይ መደብ ላይ ያሉ ሁለት ሦስት ሰዎችን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከዚያ "ከዚህ እስከዚህ" ብላችሁ ተናገሩ፣ ዝቅተኛው ቁጥር እውነት የምትኖሩበት ይሁን። "እናንተ ያላችሁትን" ማለት ትሕትና ይመስላል፣ ግን ዝቅተኛውን ክፈሉኝ ማለት ነው።

ጥቅሉንና የተጣራውን ለዩ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ባለው የገቢ ግብር መሠረት እስከ 2,000 ብር ግብር የለበትም፣ ከዚያ በላይ በደረጃ ይጨምራል። በጥቅል 10,000 ብር ቢሏችሁ ግብሩ 1,650 ብር ነው። የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ ማለትም 700 ብር ይቆረጣል። እጃችሁ ላይ የሚደርሰው 7,650 ብር ነው። የኮስት ሼሪንግ ዕዳ ካለባችሁ ከዚህም ይቀነሳል። ቦታው ሩቅ ከሆነ የትራንስፖርቱን በወር አስሉት። ሰርቪስ ያለው መሥሪያ ቤት አንዳንዴ ከሚበልጥ ደመወዝ ይሻላል።

ለምዝገባ ወይም ለሥልጠና ብር ክፈሉ አሉኝ። ልክፈል?

አትክፈሉ። አንድ ብርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአገር ውስጥ ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው ክፍያ ሳይቀበል እንዲሠራ ነው የሚለው። ለፎርም፣ ለዩኒፎርም፣ ለመታወቂያ፣ ለ"ሲስተም መክፈቻ" የሚል ሁሉ ከዚህ ውጪ ነው።

የድርጅቱን ስም የማይናገር፣ "ልምድ አያስፈልግም" ብሎ ከባንክ ማናጀር በላይ ደመወዝ የሚጠራ፣ አዳራሽ ሰብስቦ "ሰው ካመጣችሁ ሀብታም ትሆናላችሁ" የሚል፣ እሱ ሥራ አይደለም። ሴቶች በተለይ፦ ኢንተርቪው ቢሮ ውስጥ በሥራ ሰዓት ነው። የሆቴል ክፍል፣ የምሽት ቀጠሮ፣ "መኪና ልላክልሽ" ከተባለ አትሂዱ። የምትሄዱበትን ቦታና ሰዓት ለቤት ሰው ንገሩ። ይህን የምለው ተጎድተው የነገሩኝ ልጆች ስላሉ ነው።

ዋስ አምጣ ይሉኛል። ከየት ላምጣ?

ገንዘብ ወይም ንብረት የሚነካ መደብ ላይ የተለመደ ነው። ብዙ ቦታ የሚፈልጉት ቋሚ ሥራ ያለውና ከመሥሪያ ቤቱ ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ የሚያመጣ ሰው ነው። ተቀጥራችሁ በሦስት ቀን አምጡ ሲሏችሁ ከመሯሯጥ ዛሬውኑ አንድ ሰው አነጋግሩ። ለዋሱ እውነቱን ንገሩት፦ እናንተ ብታጎድሉ እሱ ይጠየቃል። አውቆ የገባ ዋስ አይሸሽም።

ኢንተርቪው ገብቼ ድምፃቸው ጠፋ። ልደውል?

አዎ። ከሳምንት በኋላ አንዴ ደውሉ፣ ስማችሁንና መደቡን ጠቅሳችሁ በትሕትና ጠይቁ። ካልሆነም ቀጣይ ሲኖር እንዲያስታውሷችሁ ንገሩ። የመጀመሪያው ተመራጭ ሳይመጣ ቀርቶ ተጠባባቂውን የጠራሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከተማርኩት ውጪ ያለ ሥራ ልቀበል?

እንደየሁኔታው ነው። ሲቪል ኢንጂነሪንግ የተመረቀ አንድ ልጅ ሳይት ላይ ታይም ኪፐር (የሠራተኛ ሰዓት መዝጋቢ) ሆኖ ገባ። ጓደኞቹ ተዘባበቱበት። እሱ ግን ማታ ማታ ኦፊስ ኢንጂነሩን የክፍያ ሰርተፍኬት ማዘጋጀት ያግዘው ነበር። በዓመቱ ጁኒየር ኦፊስ ኢንጂነር አደረጉት። ወደ ሙያችሁ የሚጠጋ፣ ወይም ከሰው የሚያገናኝ ሥራ ከሆነ ግቡ። ቀንም ማታም ውጦ ለማመልከቻ ጊዜ የማይተው ከሆነ ግን የምትቆዩበትን ጊዜ አስቀድማችሁ ቁረጡ። የቤት ኪራይ ያለበትን ሰው ደግሞ "ጠብቅ" ብዬ አልመክርም፤ ሆድ ቀጠሮ አይሰጥም።

ተቀጠርኩ! ውሉ ላይ ምን ልይ?

እንኳን ደስ አላችሁ። ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት፣ ቅጂውንም ውሰዱ። የሥራ መደቡ፣ ደመወዙ፣ የሥራ ቦታውና የውሉ ዓይነት ይታይ፦ ላልተወሰነ ጊዜ ነው ወይስ ኮንትራት?

በአዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፣ ስምምነቱም በጽሑፍ መሆን አለበት። "ስድስት ወር እናይሃለን" የሚል አነጋገር እዚህ አዋጅ ላይ የለም። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ዕረፍት 16 የሥራ ቀን ነው። የጽሑፍ ውል ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የቅጥሩን ሁኔታ የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ መስጠት አለበት። ጡረታችሁ እየገባ መሆኑንም ጠይቁ፤ እናንተ 7 በመቶ ስታዋጡ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ከደመወዛችሁ ቆርጦ ገቢ የማያደርግ አሠሪ አለ፣ ቶሎ መጠየቅ ነው የሚያዋጣው።

ሌላ ቦታ አግኝታችሁ ስትለቁ ደግሞ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሳትይዙ አትውጡ። የሥራውን ዓይነት፣ የቆያችሁበትን ጊዜና ደመወዙን የሚገልጽ ሆኖ በነፃ ሊሰጣችሁ ይገባል።